ከሐረር የስልክ ሽቦ እስከ ሰርኪዩት ቦርድ

ደጃዝማች መኮንን ወልደ ሚካኤል የአፄ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጣሊያን የተሻገሩት በ1889 ነው። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሐረር ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ እጅ ገብታ መኮንንም ገዥዋ ከሆኑ ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆን ነው። ፋብሪካውን፣ መርከቡን፣ ባቡሩን አይተው ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች አንዱ ስልክ ነበር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ፈጠራውን ካስመዘገበ ገና 13 ዓመቱ ነው። መሣሪያው ቤተ መንግሥት ገብቶ ድምፅ ሲያሰማ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቆጡ፣ ምኒልክ ግን ወይ ፍንክች እንዳሉ እስከ ዛሬ ይተረካል።

አንድ ስልክ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ሁለተኛው ሊኖር ይገባል፤ በመካከላቸውም ሽቦ። የኢትዮጵያ የቴሌኮም ተቋም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1894 ሲሆን፣ መነሻ የሚያደርገውም ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። ሁለቱ ጫፎች የታወቁ ነበሩ፤ አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ከተማ፣ አንዱ የምሥራቁ የንግድ በር። በመካከላቸው የሐረርጌ ተራራ፣ የአዋሽ ሸለቆና የሸዋ ዳገት ተጋድሟል። ምሰሶው የእንጨት ስለነበር ምስጥ ይበላዋል፤ ሽቦውንም ለጌጥ የፈለገው ሰው ይቆርጠዋል። በዚያ ዘመን ያለፉ ተጓዦች የመስመሩን መበጠስ እንደ ዝናብ ወቅት የተለመደ ነገር አድርገው ጽፈውታል።

ኤሌክትሪክ ያለበትን ሥራ ሁሉ የሚገዙት ሁለት ጥያቄዎች ወደዚህ አገር የገቡት በዚህ መስመር ነው ማለት ይቻላል። ዕቃው የት ይቀመጥ? ከሌላው ዕቃ ጋርስ በየት በኩል ይገናኝ? የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛውን ምን ያህል እንደሚገዛው ደግሞ ሐረር ብዙም ሳትቆይ በራሷ ላይ አየችው።

የባቡሩ ነገር ነው። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በዚያው በ1894 ነበር። የመጀመሪያው ዕቅድ ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ነው፤ ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ጉምሩኩም እዚያ ነውና። ሥራው በ1897 ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ወደ ሐረርጌ ተራሮች ሥር ሲጠጉ ግን ሒሳቡ ተናጋ። ሐረር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የተራራው ግርጌ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት ገንዘብም ጊዜም ይበላል። በታኅሣሥ 1902 ባቡሩ ቆላው ላይ ቆመ፤ ለቦታውም አዲስ ሐረር የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ የተወለደችው ሐዲዱ ወደ ከተማዋ መድረስ ሲያቅተው ነው። ኋላም መስመሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሐረርን በስተጎን ትቷት አለፈ። የምሥራቁ ንግድ እምብርትም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ሐረር የነበረችበት ቦታ ለግንብና ለመከላከያ የተመረጠ እንጂ ለሐዲድ የተመረጠ አልነበረም።

ባቡሩ ድሬዳዋ በገባ በዓመቱ፣ በ1903፣ አልበርት ሃንሰን የተባለ ጀርመናዊ ለአንድ ሐሳብ የብሪታንያ ፓተንት አገኘ። ሐሳቡ ክብ ሽቦ ከመጠምዘዝ ይልቅ ጠፍጣፋ የብረት ቅጠል ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ካስፈለገም በድርብ ማነባበር ነበር። የተቀበለው ኢንዱስትሪ አልነበረም። ራዲዮ ከመጣ በኋላ እንኳ ሣጥኑ ሲከፈት የሚታየው የሽቦ ጥልፍልፍ ነው፤ ሠራተኞች አንዱን ጫፍ ከሌላው በእጃቸው እየበየዱ ያገናኙታል። አንድ ሽቦ ከተሳሳተ ራዲዮው ይሞታል፤ ስሕተቱን ለማግኘትም ጥልፍልፉን በጣት መከተል ግድ ነው።

1936 ለሐረር ክፉ ዓመት ነበር። በመጋቢት ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ በግንቦት በግራዚያኒ የሚመራው የጣሊያን ጦር ገባባት። በዚሁ ዓመት ደግሞ ፖል አይዝለር የተባለ ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ መሐንዲስ በአገሩ ሥራ አጥቶ ለንደን ገባ። በኪራይ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሽቦው ሁሉ በሰሌዳ ላይ በታተመ የመዳብ ቅጠል የተተካ ራዲዮ ሠራ። ሐሳቡን ለፕሌሲ ኩባንያ ሲያሳይ ግን አልተቀበሉትም፤ ሽቦውን የሚያገናኙት ሴት ሠራተኞች በርካሽ ይሠራሉ፣ ሥራ ሲቀየርም አብረው ይቀየራሉ የሚል መልስ እንደተሰጠው ራሱ ጽፏል። አይዝለር ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሙዚቃ በኖታ ያትም ከነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ጋር ተጠግቶ በ1943 ፓተንቱን አስገባ። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካኖች የታተመ ሰርኪዩትን ዒላማ ሲጠጋ ለሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ማፈንጃ ተጠቀሙበት። በ1948 ለገበያ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ቀስ በቀስ በዚህ ሰሌዳ፣ ማለትም በሰርኪዩት ቦርድ፣ ላይ ቆሙ።

ጥልፍልፉ ጠፋ፤ ችግሩ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ባሰ። በሣጥን ውስጥ አንዱ ሽቦ በሌላው ላይ ቢያልፍ ግድ የለም፤ በላስቲክ የተሸፈነ ነው። በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አንዱ የመዳብ መስመር በሌላው ላይ ካለፈ ግን ተነካኩ ማለት ነው። ስለዚህ ንድፍ ሠሪው መቶ ነጥቦችን ከመቶ ነጥቦች ሲያገናኝ አንዱንም ከሌላው ማስነካት የለበትም።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ይህ በእጅ የሚሠራ ጥበብ ነበር። ንድፍ ሠሪው ከሥር መብራት የበራለት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ማይላር የሚባለውን ግልጽ ፕላስቲክ ያነጥፋል። መጀመሪያ በካርቶን የተቆረጡ ትንንሽ ምስሎችን፣ ይህ ትራንዚስተር፣ ይህ ሬዚስተር እያለ፣ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳቸዋል። ቦታቸው ሲረጋለት በቀጭን ጥቁር ፕላስተር መስመሮቹን ይለጥፋል፤ ጥጉ ላይ በቢላዋ ይቆርጠዋል። ሰሌዳው ባለ ሁለት ገጽ ሲሆን አንዱ በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ ይለጠፍና በካሜራ ፊልተር ይለያል። ሥራው ሁሉ ከእውነተኛው ሁለት ወይም አራት እጥፍ ተልቆ ይሠራና በካሜራ እንዲያንስ ይደረጋል፤ የእጅ ስሕተት አብሮ ያንሳልና። የሥራው መራራ ጎን የሚመጣው መሐንዲሱ በመጨረሻው ቀን «ይህን ክፍል ትንሽ ወደ ግራ አድርገው» ሲል ነው። ያን ጊዜ የሳምንት ሥራ በጥፍር እየተነሳ ይላጣል።

በ1961 አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ በሐረር አቅራቢያ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም በሥሩ ገባ። በዚያው ዓመት ሲ. ዋይ. ሊ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኮምፒውተር የመስመርን መንገድ ራሱ እንዴት እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ነው። የሊ ዘዴ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ሐረርን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ በቀላሉ ይረዳዋል።

ጀጎልን ያስቡ። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ከ360 በላይ እንደሆኑ የሚነገርላቸው ጠባብ መተላለፊያዎች፣ 82 መስጊዶች። አንድ ሰው ፈረስ መጋላ ቆሞ ሰንጋ በር አጠገብ ወዳለ አንድ ቤት በአጭሩ መድረስ ይፈልጋል፤ ካርታ የለውም። የሊ ዘዴ እንዲህ ይለዋል። ከቆምክበት በአንድ እርምጃ የምትደርስበትን ቦታ ሁሉ «1» ብለህ ጻፍበት። ከእነዚያ በአንድ እርምጃ የሚደረስባቸውን ሁሉ «2» በል። ግድግዳ ካጋጠመህ ቁጥር አትጻፍበት፤ መውጫ የሌለው ጓሮ ከገባህም ቁጥሩ እዚያው ይቆማል፤ ሌላው ግን ይቀጥላል። እንዲህ እየሰፋ ሄዶ ቁጥሩ የተፈለገው ቤት ደጃፍ ሲደርስ፣ 140 ላይ ደረሰ እንበል፣ ወደ ኋላ 139፣ 138፣ 137 እያሉ መመለስ ነው። የተመለሱበት መንገድ ከሁሉም አጭሩ ነው። መንገድ ካለ ዘዴው ያገኘዋል፤ ካላገኘው በእውነትም የለም።

ይሁን እንጂ ጀጎል ውስጥ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተሻሽቶም ቢሆን ይተላለፋል። ቦርድ ላይ ግን አንድ መስመር ካለፈበት መተላለፊያ ሌላው አያልፍም፤ የመጀመሪያው መንገደኛ ከኋላው ግድግዳ እየገነባ እንደሚሄድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ መስመሮች አጭር መንገዳቸውን ይዘው ሲያልፉ ሃያ አንደኛው መውጫ ያጣል። የሊ ዘዴ ድካሙም ይኸው ነው፤ ለእያንዳንዱ መስመር ከሁሉ የተሻለውን ይሰጣል፣ ለጠቅላላው ግን አያስብም። ከዚህ የተነሳ መሐንዲሶች የትኛው መስመር ቀድሞ ይሂድ፣ የትኛውስ ተነሥቶ እንደገና ይዘርጋ በሚለው ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተመራመሩ። በ1969 ዴቪድ ሃይታወር ቦርዱን በሙሉ በቁጥር ከመሙላት ይልቅ ከሁለቱ ጫፎች ቀጥ ያሉ መስመሮችን እየሰደዱ የሚገናኙበትን መፈለግ በቂ መሆኑን አሳየ፤ ይህም የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ጠባብ ማኅደረ ትውስታ አዳነ።

መስመሩ ከተገኘ በኋላ ፋብሪካ መድረስ አለበት። ይህን የፈታው ጆሴፍ ገርበር ነው፤ እሱም እንደ አይዝለር ቪየና የተወለደና ከናዚዎች ያመለጠ አይሁዳዊ፤ በ1940 አሜሪካ ገብቶ መሐንዲስ ሆነ። ኩባንያው የሠራው ማሽን በብርሃን ፊልም ላይ መስመር ይሥላል፤ ማሽኑ የሚታዘዝበት ጽሑፍም በስሙ ገርበር ተባለ። ከአውሮፓ እስከ ቻይና ያለ የቦርድ ፋብሪካ ዛሬም የሚቀበለው የገርበር ፋይል ነው። ሁለቱ የቪየና ስደተኞች የዚህን ሙያ መጀመሪያና መጨረሻ መያዛቸው ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ነው።

ከመስመሩ ይልቅ አስቸጋሪው የቦታ ምርጫው ነው። 50 ክፍሎችን በአንድ ቦርድ ላይ የሚደረድሩበት አማራጭ ብዛት ለየትኛውም ኮምፒውተር ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። በ1983 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪዎቹ ከርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬኪ ከብረት ሥራ ሐሳብ ወሰዱ። የጋለ ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። እነሱም ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ላይ ክፍሎቹን በድፍረት እንዲያዘዋውር፣ አንዳንዴ የባሰውንም አማራጭ እንዲቀበል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቆጠብ እንዲል አደረጉት። ዘዴው በቺፕ ንድፍ ላይ ትልቅ ስም አገኘ። በቦርድ ላይ ግን እስከ ዛሬ ቦታ የሚመርጠው በአብዛኛው ሰው ነው። ኮምፒውተሩ የመስመር ርዝመት ይቆጥራል፤ የቱ ክፍል እንደሚግል፣ ገመድ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ጠጋኙ ካቻቢቴውን የት እንደሚያስገባ ግን የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚቻለው ትልቅ ኮምፒውተር ላለው ኩባንያ ብቻ ነበር። በ1985 በታዝማኒያ ኒክ ማርቲን ፕሮቴል የተባለውን የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር፣ በአሜሪካ ኦሪገን ደግሞ ሌሎች ኦርካድን ለግል ኮምፒውተር አቀረቡ። በ1988 ጀርመኖች ኢግልን ጨመሩ። በ1992 በፈረንሳይ ግሮኖብል የሚያስተምሩት ዣን ፒየር ሻራስ ኪካድን ጻፉና በነፃ ለቀቁት። ዋናው መታጠፊያ የመጣው በ2013 ነው፤ ጄኔቫ ያለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ኪካድን ለማሻሻል ሰውና ጊዜ መደበ። ሰዎቹ ከጨመሩት አንዱ መስመር ሲጎተት በመንገዱ ያሉትን ሌሎች መስመሮች ራሱ እየገፋ ቦታ የሚያስለቅቅ መሣሪያ ነው። የ1960ዎቹ ፕላስተር ላጪ ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀባይ ነበረች። ሞባይል በ1999 ገባ። በ2011 የቻይናው ትራንሽን አዲስ አበባ አጠገብ ስልክ መገጣጠም ጀመረ፤ ሥራ ፈጠረ፣ ሙያም አስተማረ። ነገር ግን በእነዚያ ስልኮች ውስጥ ያለው ቦርድ ዝግጁ ሆኖ ነው የሚመጣው። የቱ ክፍል የት ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ሌላ አገር ተወስኖ አልቋል። ሐረር ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወጣት በማጉያ መነፅር ሲያይ የሚያየው የሌላ ሰው ውሳኔ ነው፤ የት እንደተቃጠለ ለማግኘትም ያንን ውሳኔ ወደ ኋላ መከተል አለበት። እነዚህ ልጆች ቦርድ ማንበብን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ መጻፉን የሚያስተምራቸው ነው የጎደለው።

ከሐረር ብዙ በማትርቀው ሐረማያ፣ የድሮው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ዛሬ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ምሕንድስና የሚያስተምር ኢንስቲትዩት ያለው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አንድ ተማሪ የማሽላ ማሳን እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ መሥራት ፈለገ እንበል። ላፕቶፑ ላይ ኪካድን ይከፍታል፤ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ሥዕሉን ይሠራል፤ አትሜጋ328 የሚባለውን ቺፕ፣ 16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታሉን፣ የኃይል መቆጣጠሪያውን፣ የሴንሰሩን መግቢያ ያገናኛል። ከዚያ ወደ ቦርዱ ሲያልፍ ክፍሎቹ ሁሉ ተከማችተው ይመጡለታል፤ መገናኘት ያለባቸውም በቀጫጭን መስመሮች ተሳስረው ይታያሉ። እዚህ ላይ መስመር ለመዘርጋት የሚቸኩል ተማሪ ይበላሽበታል። የገመዱ መግቢያ ጠርዝ ላይ መሆን አለበት። የኃይል መቆጣጠሪያው ስለሚረብሽ ከሴንሰሩ መግቢያ ይራቅ። ክሪስታሉ ከቺፑ እግር አጠገብ ይቁም፤ መንገዱ ከረዘመ ምቱ ይናወጣል።

አንዲት 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ደግሞ ከቺፑ የኃይል እግር በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ መቀመጥ አለባት። ቺፑ በሴኮንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ በየቅጽበቱ ትንሽ ጉርሻ ኃይል ይፈልጋል። ካፓሲተሯ ሩቅ ከሆነች፣ በረጅሙ መስመር በኩል ኃይሉ በጊዜው አይደርስም፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቺፑም ያለምክንያት ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ተማሪው ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ስሕተቱ ያለው ግን ካፓሲተሯ በተቀመጠችበት ቦታ ነው።

ቦታው ከተስተካከለ በኋላ መስመሩ ይቀላል። ለምልክት ሩብ ሚሊሜትር ስፋት ይበቃል፤ አንድ አምፔር ለሚያልፍበት ከዚያ ሰፋ ማድረግ፣ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከላይኛው ገጽ መንገድ ከጠፋ፣ ቪያ በምትባል ትንሽ ቀዳዳ በኩል ወደ ታችኛው ገጽ መውረድ ይቻላል። ባዶ የቀረው ሁሉ በግራውንድ መዳብ ይሞላል። ሶፍትዌሩ የተነካካ ወይም የተረሳ መስመር ካለ ይናገራል። በመጨረሻ የሚወጣው የገርበር ፋይል ሼንዘን ላለ ፋብሪካ ይላካል፤ አምስት ትንንሽ ባለ ሁለት ገጽ ቦርዶች ከመጓጓዣው ውጪ በጥቂት ዶላር ይሠራሉ።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለምታስተምሩ መምህራን፣ በሐረማያም ሆነ በሐረር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ላላችሁ፣ ጥያቄው ይህ ነው። እያንዳንዱ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ አንድ ቦርድ ራሱ ነድፎ፣ አሠርቶ፣ ራሱ ሶልደር አድርጎ ያብራ። ለዚህ ቤተ ሙከራ መገንባት አያስፈልግም፤ ላፕቶፕ፣ ነፃ ሶፍትዌር፣ የብየዳ ብረትና ለማዘዣ የሚሆን ትንሽ የውጭ ምንዛሪ ይበቃል። ያንንም ምንዛሪ ዩኒቨርሲቲው በተማሪው ፈንታ በአንድነት ይክፈልለት፤ ቦርዶቹንም በአንድ ላይ ያስመጣ። የስልክ ጠጋኞቹንም አትርሷቸው፤ በክረምት ለሁለት ሳምንት በሩን ብትከፍቱላቸው ተማሪዎቻችሁን ከሚያስተምሩት መካከል እነሱ ይገኙበታል።